ድምፅ ሲከፋፈል፦ ጥፋቱ የመራጩ ነው ወይስ የደንቡ?

ደሴ ላይ የምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት ነገር ተደጋግሞ ይሰማል። አንዱ «ለማያሸንፍ ፓርቲ ድምፅ መስጠት ድምፅ ማባከን ነው» የሚለው ነው። ሌላው «ተቃዋሚዎቹ እርስ በርስ ድምፅ እየተሻሙ ገዢውን ፓርቲ ያሳልፉታል» የሚለው ነው። ፒያሳ ቡና ላይም፣ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥም ክርክሩ ያው ነው።

ሁለቱም አባባሎች እውነት አላቸው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ወቀሳው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው መራጩ ላይ ነው። ትንሹን ፓርቲ የመረጠው ሰው ስሜታዊ ይባላል። ሌላው ደግሞ አስልቶ ስለመረጠ አድርባይ ይባላል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከመራጩ አይደለም። የሚጀምረው ድምፅ ወደ ምክር ቤት ወንበር ከሚቀየርበት ደንብ ነው። ቀጥሎም ዕጩ ሳይመዘገብ በፊት መነጋገር ሲገባቸው ሳይነጋገሩ ከሚቀሩ ፓርቲዎች ነው።

በአንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ይወስዳል

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚመረጥበትን መንገድ ይደነግጋል። በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያልፋል። እዚህ ላይ አብላጫ ማለት ከግማሽ በላይ ማለት አይደለም። ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው መብለጥ በቂ ነው። ሁለተኛው 29 ከመቶ ካገኘ 30 ከመቶ ያገኘው ያሸንፋል። ለሌሎች ድምፅ የሰጡት 70 ከመቶ መራጮች ከዚያ የምርጫ ክልል የመረጡት ሰው ምክር ቤት አይገባላቸውም።

ስለዚህ ጠቅላላ ምርጫ የምንለው አንድ ውድድር አይደለም። 547 የተለያዩ ውድድሮች ናቸው። አንድ ፓርቲ በመላ አገሪቱ ምን ያህል ድምፅ ሰበሰበ የሚለው ወንበር አይቆጥርም። የሚቆጠረው በስንት ቦታ አንደኛ ወጣ የሚለው ነው።

ነገሩን በቅሬ፣ ማለትም በወሎ እድር፣ እንየው። ደሴ ውስጥ 100 አባላት ያሉት አንድ ቅሬ አለ እንበል። ሰብሳቢ ለመምረጥ ሦስት ሰው ተጠቁሟል። የቆዩት ሰብሳቢ 40 እጅ አገኙ። ሌሎቹ ሁለቱ «ድንኳኑ ይታደስ፣ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ይነበብ» የሚሉ ናቸው። አንዱ 35፣ ሌላው 25 እጅ አገኙ። ሒሳቡ እንዲነበብ የሚፈልገው 60 ሰው ነው። ያሸነፉት ግን የቆዩት ሰብሳቢ ናቸው። ድምፅ መከፋፈል የሚባለው ይህ ነው። ተቀራራቢ ሐሳብ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ያንኑ ደጋፊ ይካፈሉታል፤ በመሀል ከሁለቱ ድምር ያነሰ ደጋፊ ያለው ያልፋል።

በእውነተኛ ቅሬ ውስጥ ግን ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። እጅ ሲወጣ ሁሉም ይተያያል። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ልጆቼ፣ ሐሳባችሁ አንድ ከሆነ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ልቀቁ» ይላሉ። አንዱ ይወርዳል። እጅ እንደገና ይወጣል። በጠቅላላ ምርጫ ይህ ዕድል የለም። ድምፁ የሚሰጠው በምስጢር ነው፤ የሚሰጠውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሽማግሌው ተነስተው የሚናገሩበት ሰዓት የለም። ቅሬው እዚያው በመተያየት የሚፈታውን ነገር ጠቅላላ ምርጫ መራጩ ብቻውን በግምት እንዲፈታው ይጠይቀዋል።

መራጩ ለምን ያሰላል?

ስልታዊ ድምፅ አሰጣጥ የሚባለው መራጩ ከልቡ የሚወደውን ትቶ ማሸነፍ ከሚችሉት ውስጥ የሚሻለውን ሲመርጥ ነው። 25 ድምፅ ያገኘው ሰው ደጋፊዎች አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ወደ ባለ 35ቱ ይሄዱ ነበር። ያ ስልታዊ ምርጫ ነው።

ፈረንሳዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሞሪስ ዱቨርዤ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ሥራ ይህን በሁለት ደረጃ አስረድቷል። የመጀመሪያው ሜካኒካዊ ውጤት ነው። የአብላጫ ድምፅ ደንብ ሦስተኛና አራተኛ የሚወጡትን ፓርቲዎች በድምፃቸው ልክ ወንበር አይሰጣቸውም። ሁለተኛው ሥነ ልቦናዊ ውጤት ነው። መራጩ ይህን ከአንድ ሁለት ምርጫ በኋላ ይማራል። ከዚያ ትንንሾቹን መተው ይጀምራል። ገንዘብ የሚረዱትና ዕጩ ለመሆን የሚያስቡትም እንዲሁ። ውድድሩ ቀስ በቀስ ወደ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ይጠባል።

ይህ ዝንባሌ ነው እንጂ የማይሻር ሕግ አይደለም። ብሪታንያ በእንደዚህ ያለ ደንብ የምትመራ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫዋ ግን ድምፁ በአምስት ስድስት ፓርቲዎች ተበታተነ። የሌበር ፓርቲ 34 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ650 ወንበር ከ400 በላይ ወሰደ። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 14 ከመቶ ገደማ አግኝቶ 5 ወንበር ብቻ ደረሰው። ሊበራል ዴሞክራቶች ደግሞ 12 ከመቶ ገደማ ይዘው 72 ወንበር አገኙ። ከሪፎርም ያነሰ ድምፅ፣ ከአሥር እጥፍ በላይ ወንበር። ልዩነቱ የቦታ ነው። የሊበራሎቹ ድምፅ በጥቂት አካባቢዎች ተሰብስቧል። የሪፎርም ግን አገር ምድሩ ላይ ተበትኗል።

«ሰው የሚያምንበትን ካልመረጠ ምርጫው ምን ዋጋ አለው?» ብለው ስልታዊ ምርጫን የሚቃወሙ አሉ። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሁሉም ካሰላ አዲስ ሐሳብ የያዘ ፓርቲ መቼም አያድግም። ዛሬ 8 ከመቶ ያገኘ ፓርቲ ነገ 30 ሊያገኝ የሚችለው ዛሬ 8ቱን የሚሰጠው ሰው ሲኖር ነው። በሌላ በኩል አስልቶ የሚመርጥ ሰው ሕሊናውን ሸጠ ማለት አይቻልም። ቢያንስ የከፋው እንዳይመጣ እየጣረ ነው። አለን ጊባርድ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ማርክ ሳተርትዌይት በ1975 በየፊናቸው በሒሳብ ያረጋገጡት ነገር አለ። ሦስትና ከዚያ በላይ ተወዳዳሪ ባለበት ውድድር፣ ውሳኔው ለአንድ ሰው ካልተተወ ወይም በዕጣ ካልሆነ በስተቀር፣ ስሌትን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ የምርጫ ደንብ የለም። ደንቦች የሚለያዩት መራጩን ምን ያህል እንዲያሰላ በማስገደዳቸው ነው። የእኛው ደንብ አብዝተው ከሚያስገድዱት አንዱ ነው።

ኬንያና ማላዊ ያሳዩት

በቅርባችን ያለች ኬንያ የታወቀች ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ስታካሂድ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ 36 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ፎርድ የተባለው ትልቁ የተቃዋሚዎች እንቅስቃሴ ከምርጫው በፊት ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ኬኔት ማቲባ በአንዱ፣ ኦጊንጋ ኦዲንጋ በሌላው ቀረቡ። ምዋይ ኪባኪ ደግሞ በሦስተኛ ፓርቲ መጡ። የሦስቱ ድምር ከ60 ከመቶ ይበልጣል። በ1997ም ተቃዋሚው ተከፋፍሎ ቀረበና ሞይ 40 ከመቶ ገደማ አግኝተው ቀጠሉ። በ2002 ተቃዋሚዎቹ ኪባኪን ብቻ አቀረቡ። ኪባኪ 62 ከመቶ ገደማ አግኝተው አሸነፉ። በእርግጥ በ2002 ሞይ ራሳቸው ዕጩ አልነበሩም፤ ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድላቸውም ነበር። የቀደሙት ምርጫዎችም በግጭትና በተፅዕኖ የታጀቡ ነበሩ። ቢሆንም በሦስቱ ምርጫዎች መካከል የአንድነትና የመከፋፈል ልዩነት ጎልቶ ይታያል።

የማላዊ ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ፒተር ሙታሪካ 38 ከመቶ ተኩል ገደማ አግኝተው አሸናፊ ተባሉ። ላዛሩስ ቻክዌራ 35፣ ሳውሎስ ቺሊማ 20 ከመቶ ገደማ አገኙ። የውጤት ወረቀቶች በፍሉድ ተሰርዘውና ተደልዘው መገኘታቸው ትልቅ ተቃውሞ ቀሰቀሰ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2020 ምርጫውን ሻረው። እዚያ ላይ ግን አላቆመም። አሸናፊ ለመባል ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። ይህ ውሳኔ የፖለቲከኞቹን ስሌት ገለበጠው። ለብቻ ሮጦ በ38 ከመቶ ማሸነፍ ቀረ። ቻክዌራና ቺሊማ ተነጋገሩ። ቺሊማ ምክትል ለመሆን ተስማሙ። በሰኔ 2020 በተደገመው ምርጫ ቻክዌራ 59 ከመቶ ገደማ አግኝተው አሸነፉ።

በዓመት ከአንድ ወር ልዩነት ማላዊያን ሌላ ሕዝብ አልሆኑም። ዕጩዎቹም የሚታወቁት ሰዎች ናቸው። የተለወጠው ደንቡ ነው፤ ደንቡን ተከትሎ ደግሞ የፓርቲዎቹ ጠባይ ተለወጠ። በ2019 የቺሊማ ደጋፊ ሁሉ ድምፁን አባከነ ተብሎ ሊወቀስ ይችል ነበር። በ2020 ያንኑ ሰው የሚወቅስበት ምክንያት የለም።

«ተከፋፍሎብን ነው» ከማለት በፊት

የድምፅ መከፋፈል ለተሸናፊ ምቹ ምክንያት ነው። ስለዚህ መፈተን አለበት። የመጀመሪያው ፈተና የመደመር ጉዳይ ነው። አሸናፊው ከግማሽ በላይ ካገኘ የሌሎቹ ድምፅ በአንድ ቢከማችም ባልበለጠው ነበር። እዚያ ቦታ ላይ መከፋፈል ውጤቱን አልለወጠም።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። የሁለት ፓርቲ ድምፅ መደመር የሚቻለው የአንዱ ደጋፊ ሁለተኛ ምርጫው ሌላው ከሆነ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን የበለጡት በ537 ድምፅ ነበር። ሦስተኛ ሆነው የቀረቡት ራልፍ ኔደር ከ97 ሺህ በላይ አግኝተዋል። ከኔደር ደጋፊዎች ብዙዎቹ ቤታቸው ሊቀሩ ይችሉ ነበር፤ አንዳንዶቹም ቡሽን ይመርጡ ነበር። ልዩነቱ በጣም ጠባብ ስለነበረ ግን ጥቂቶቹ ወደ ጎር ቢያዘነብሉ በቂ ነበር። ልዩነቱ 20 ሺህ ቢሆን ኖሮ ይህን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ይህን ወደ ደሴ እናምጣው። አብንን የሚመርጥ ሰውና ኢዜማን የሚመርጥ ሰው ሁለቱም «ተቃዋሚ» ተብለው ይደመራሉ። አንዱ ፓርቲ ግን በብሔር ውክልና ላይ ቆሟል፤ ሌላው በዜግነት ፖለቲካ ላይ። ለአንዳንድ የኢዜማ ደጋፊ ሁለተኛ ምርጫው ብልጽግና ሊሆን ይችላል። ለአንዳንድ የአብን ደጋፊም ሁለተኛ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ የራሱ ፓርቲ ከሌለ ምርጫ ጣቢያ አይሄድም። ከ2013 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የኢዜማው ብርሃኑ ነጋና የአብኑ በለጠ ሞላ ሚኒስትር ሆነው በካቢኔው ውስጥ መግባታቸውም መስመሩን ይበልጥ አደብዝዞታል። ስለዚህ የሁለቱን ፓርቲ ድምፅ ደምሮ «ቢተባበሩ ያሸንፉ ነበር» ማለት ከፊቱ መረጋገጥ ያለበት ጥያቄ አለው።

የእኛው አገር ቁጥሮች

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር አገኙ። ቅንጅት በስሙ እንደሚታወቀው የአራት ፓርቲዎች ስብስብ ነበር። በአዲስ አበባ 23ቱንም የሕዝብ ተወካዮች ወንበር ወሰደ። የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው፤ ከዚያም 137ቱን አገኘ። ይህ ተቃዋሚዎች ተሰባስበው ሲቀርቡ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ሌላም ነገር ያሳያል፦ ያው ደንብ ለማንም ያደላል፣ አንደኛ እስከወጣ ድረስ። አዲስ አበባ ውስጥ ኢሕአዴግን የመረጡ ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ ያ ድምፅ አንድም የፓርላማ ወንበር አላመጣም።

በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ሁሉንም። እንዲህ ያለውን ቁጥር በድምፅ መከፋፈል ብቻ ማብራራት አይቻልም። ፓርቲዎች በነጻነት የማይንቀሳቀሱበት፣ ታዛቢ ማግኘት ራሱ ከባድ የሆነበት ሜዳ ላይ የተመዘገበ ውጤት ነው። ይህን መለየት ያስፈልጋል። ሜዳው ካልተስተካከለ ተቃዋሚ ተባበረም አልተባበረም ብዙ ለውጥ የለውም። ዛሬ በአማራ ክልል ያለው የጸጥታ ሁኔታም የዚህ አካል ነው። መራጭ ወደ ጣቢያ በሰላም ሄዶ መመለሱን ካልተማመነ ስለ ስልታዊ ምርጫ ማውራቱ ገና ነው።

በ2013 ምርጫ ቦርድ በሐምሌ ወር ውጤት ሲያሳውቅ ብልጽግና ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 ወንበሮች 410 አግኝቶ ነበር። አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 አገኙ። ኢዜማ ሰባት ፓርቲዎች ራሳቸውን አክስመው የመሠረቱት ነው። ከብልጽግና ቀጥሎ ብዙ ዕጩ ያቀረበውም እሱ ነበር። በብዙ ክልል ተወዳድሮ 4 አገኘ። በአንድ ዞን ያተኮረው የጌዴኦ ድርጅት 2 አገኘ። ሪፎርምና ሊበራል ዴሞክራቶች ላይ ያየነው ነገር እዚህም አለ። መተባበር ብቻውን ወንበር አያመጣም። ድምፁ የተሰበሰበበት ቦታ ይወስናል።

መረጃ ከሌለ ስሌት የለም

ስልታዊ ምርጫ አንድ ነገር ይፈልጋል፦ ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ እንደሚሆን አስቀድሞ መገመት። በብሪታንያ መራጩ የሕዝብ አስተያየት ጥናት በየሳምንቱ ያያል። በየምርጫ ክልሉ ማንን ቢመርጥ እንደሚሻል የሚነግሩት ድረ ገጾችም አሉ። እኛ ጋ በምርጫ ክልል ደረጃ የሚታመን ጥናት የለም። መራጩ የሚገምተው በሰልፉ ብዛት፣ በፖስተሩ ብዛት፣ በጎረቤት ወሬና በፌስቡክ ጩኸት ነው። እነዚህ ሁሉ ያሳስታሉ። ድምፁ የጎላ ፓርቲ ብዙ ደጋፊ ያለው ይመስላል። ዝም ያለው ሰው የማን ደጋፊ እንደሆነ አይታወቅም። ፖለቲካ በሚያስፈራበት ጊዜ ደግሞ ዝም የሚለው ብዙ ነው።

መረጃ በሌለበት የሚደረግ ስሌት ከመከፋፈል የባሰ ነገር ሊያመጣ ይችላል። አንድ ጠንካራ ዕጩ «አያሸንፍም» የሚል ወሬ ተነዛበት እንበል። ደጋፊዎቹ ወሬውን አምነው ይተዉታል። በመጨረሻም አያሸንፍም፤ የወረደው ግን በወሬው ነው። ስለዚህ «ድምፅህን አታባክን» የሚለው ምክር ራሱ የቅስቀሳ መሣሪያ ይሆናል። በብዛት የሚናገረውም አስቀድሞ ትልቅ የሆነው ፓርቲ ነው።

ይልቅ የሚታመን አንድ ምንጭ አለ። ቆጠራው ሲያልቅ የየጣቢያው ውጤት ወረቀት ላይ ሰፍሮ ጣቢያው በር ወይም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሆጤ ወይም ሸዋ በር አካባቢ ባለ ጣቢያ ማን ስንት እንዳገኘ በጥቁርና ነጭ የሚታይ ነው። ወረቀቱ ግን ዝናብ ይመታዋል፤ በቀናት ውስጥ ይነሳል። ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት ሰው ያስታውሰዋል? የየጣቢያው ውጤት በቀላሉ በሚገኝ መንገድ ታትሞ ቢቀመጥ መራጩም ፓርቲውም ከወሬ ይልቅ ቁጥር ይዞ ይነጋገር ነበር። ይህ በተለይ ለኮምቦልቻ ይጠቅማል። ለፋብሪካና ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ከየወረዳው መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ብዙ ወጣቶች አሉባት። ስድስት ወር ከኖሩ መመዝገብ ይችላሉ። ያለፈውን የአካባቢውን ፖለቲካ ግን አያውቁም፤ የሚነግራቸው ሰነድም የለም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ሕግ ሳይነካ የሚሠራው መንገድ በፓርቲዎች እጅ ነው። የምርጫ ሕጉ መዋሃድን፣ ግንባርና ቅንጅት መፍጠርን ይፈቅዳል። ከዚያ ባነሰም ሁለት ፓርቲዎች የምርጫ ክልሎችን ተከፋፍለው አንዱ ባለበት ሌላው ዕጩ ላያቀርብ ይስማማል። በ2013 ባልደራስና መኢአድ የተባሉት ፓርቲዎች ተባብረው ለመሥራት የተስማሙት በዚህ መንፈስ ነበር። ችግሩ የሚታወቅ ነው። ማን ይልቀቅ? ደሴን የለቀቀ ፓርቲ ኮምቦልቻን ያገኛል ወይ? ለዓመታት የለፋ የአካባቢ አባል «ለሌላ ፓርቲ ቀስቅስ» ሲባል ይቀበላል ወይ? ስምምነቱ ከዕጩ ምዝገባ በፊት ካላለቀ ደግሞ አይጠቅምም። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ምልክት ከታተመ መራጩ ይከፋፈላል።

ደንቡን መቀየር የሚፈልጉ የተለያየ አማራጭ ያነሳሉ። አንዱ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ሁለቱን ከፍተኛ ዕጩዎች በሁለተኛ ዙር ማወዳደር ነው። የቅሬውን ድጋሚ እጅ ማውጣት ይመስላል። ግን በብዙ መቶ የምርጫ ክልል ሁለት ጊዜ ምርጫ ማካሄድ ወጪው ከባድ ነው፤ የጸጥታ ሥጋቱም ሁለት ጊዜ ነው። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2002 የፕሬዚዳንት ምርጫ ያየችው አለ። 16 ዕጩዎች ቀርበው የግራ ክንፉ ድምፅ ተበተነ። የግራው ዋና ዕጩ ሊዮኔል ዦስፓን በ16.2 ከመቶ ሦስተኛ ሆነው ወደ ሁለተኛው ዙር ሳያልፉ ቀሩ። ሌላው አማራጭ መራጩ ዕጩዎችን በደረጃ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው፤ አውስትራሊያ ከመቶ ዓመት በላይ ተጠቅማበታለች። በአውራ ጣት አሻራ የሚመርጡ ብዙ ሰዎች ባሉበት አገር ቁጥር መጻፍን መጠየቅ ግን ሌላ በር መዝጋት ነው።

ሦስተኛው ተመጣጣኝ ውክልና ነው። ፓርቲ ባገኘው ድምፅ ልክ ወንበር ያገኛል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤኤንሲ የተባለው ፓርቲ 40 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ400 ወንበር 159 አገኘ። ድምፁና ወንበሩ ተቀራራቢ ነው። ከአብላጫ ድምፅ ደንብ ጋር የሚቆሙ ሰዎች የሚያነሱት ክርክር አለ፦ «የእኔ ተወካይ» የሚባል የአካባቢ ሰው ይጠፋል፣ የፓርቲ መሪዎች ዝርዝሩን ይቆጣጠራሉ፣ ትንንሽ ፓርቲዎች ይፈለፈላሉ። የመጀመሪያው ክርክር ክብደት አለው። ውሃ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲበላሽ ስሙን የሚያውቀው ተወካይ እንዲኖረው የሚፈልግ የወረዳ ሰው ብዙ ነው። ለዚህ ነው በ2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግና በድርድሩ የቀጠሉ ተቃዋሚ ፓርቲዎች 80 ከመቶ በአብላጫ፣ 20 ከመቶ በተመጣጣኝ ውክልና የሚመረጥበት ቅይጥ ሥርዓት ላይ ተስማምተው የነበሩት። ስምምነቱ በዚያው ዓመት የመጣውን የፖለቲካ ለውጥ ተሻግሮ ሥራ ላይ አልዋለም። ሐሳቡ ግን አሁንም ከሁሉም የሚቀርብ መነሻ ይመስለኛል። የአካባቢ ተወካዩን ሳይነካ፣ ተበትኖ የሚቀረውን ድምፅ በከፊል ወደ ወንበር ይመልሰዋል።

ይህን ለማድረግ ሕገ መንግሥቱ መሻሻል አለበት፤ አንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅን በግልጽ ይጠይቃል። ማሻሻያው በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ሊያጸድቁት ይገባል። ያንን ድምፅ ዛሬ በእጃቸው የያዙት ደግሞ በነባሩ ደንብ ያሸነፉት ናቸው። የማላዊን ደንብ የለወጠው ፍርድ ቤት ነው፤ የሚተረጉመው ቃል ነበረው። የእኛ አንቀጽ ለትርጓሜ ያን ያህል ክፍተት አይሰጥም። በመሆኑም ለሚቀጥሉት አንድ ሁለት ምርጫዎች እውነተኛው ሥራ ያለው ፓርቲዎቹ ዘንድ ነው፤ ያውም ዕጩ ከመመዝገባቸው በፊት ባሉት ወራት።